በግማሽ ስለቀረው አራተኛ ጥያቄ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት
ሁለተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮ

ጉዳዩ፦ በቃል ለተጠየቅሁት ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ስለ መስጠት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ በተለይ የጉልበትዎን። ደረጃ መውጣትና መውረድ እንደሚያስቸግርዎ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከቢሮዎ ወርደው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ ትምህርት ቤታችንን ሊመዝኑ የመጡ ሦስት ገምጋሚዎች አስከትለው እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ በእግርዎ መምጣትዎ ቀላል ድካም እንዳልነበረ ይገባኛል። በሩን ሳያንኳኩ የገቡትም ቶሎ አረፍ ለማለት ቸኩለው መሆን አለበት።

በዚያ ሰዓት እኔ በመስኮቱ በኩል ካለው የመጨረሻ ዴስክ አጠገብ በርከክ ብዬ፣ የሒሳብ ፈተናውን አራተኛ ጥያቄ ለአንዲት ተማሪዬ በሹክሹክታ እያነበብኩላት ነበር። ጥያቄው መቶ ሰማንያ ሊትር የሚይዝ በርሜልን ሁለት ቧንቧዎች አብረው በስንት ደቂቃ እንደሚሞሉት ነው። የመጀመሪያው ቧንቧ በደቂቃ አሥራ ሁለት ሊትር እንደሚያወርድ አንብቤ ወደ ሁለተኛው ልሻገር ስል ወረቀቱ ከእጄ ወጣ። ቀና ስል እርስዎ ነዎት። ወረቀቱን ከምግብ ውስጥ እንደተገኘ ፀጉር በሁለት ጣትዎ አንጠልጥለው፣ ከእኔ ይልቅ ለእንግዶችዎ እንዲሰማ በተመጠነ ድምፅ፣ “መምህርት፣ መልስ እየነገርሽ ነው?” ብለው ጠየቁኝ። ልጆቹ ሁሉ ወደ እርስዎ ዞሩ። ልጅቷ ብቻ፣ ማን እንደመጣ ዘወር ብላ ሳታይ፣ ዓይኗን እኔ ላይ እንደተከለች፣ “ቲቸር፣ ሁለተኛው ቧንቧስ?” አለች።

ለሁለታችሁም አልመለስኩም።

ያልመለስኩት ለምን እንደሆነ በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ የሚያነቡ ባልደረቦቼና ወላጆች ግራ እንዳይጋቡ፣ በእርስዎ ፈቃድ ላስረዳ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ፣ እርስዎ ደግሞ እጅጌዎን ጠቅልለው የሚያስተምሩ ወጣት መምህርት ነበሩ። እኔ ተብታባ ነበርኩ። ስጠየቅ፣ በተለይ ድንገት ስጠየቅ፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቅና የማውቀው ነገር ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ይቀራል። ከእርስዎ በፊት የነበሩት አስተማሪ ይህን ስንፍና ብለው ሰይመውት፣ የኋላ ዴስክ ላይ አስቀምጠውኝ ረስተውኝ ነበር። እርስዎ ግን አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፣ ከቦርሳዎ ትንሽ ደብተር አውጥተው ሰጡኝና፣ “አፍሽ እስኪደርስ እጅሽ ይቅደም፤ እዚህ ላይ ጻፊልኝ” አሉኝ። ልጆቹ “ለእሷ ብቻ ለምን?” ብለው ሲያጉረመርሙም፣ “አጭሩ ጓደኛችሁ ሰሌዳ ለማጥፋት ወንበር ላይ ሲቆም፣ ሰሌዳው አጠረለት ማለት ነው?” ብለው አፋቸውን አስያዟቸው።

እኔ አስተማሪ የሆንኩት በዚያች ደብተር ነው። ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪና ከዚህ የተሻለ ጣሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሲጠሩኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ የእርስዎን በር ያንኳኳሁትም በዚያችው ደብተር ምክንያት ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት፣ ድንገት ስጠየቅ ምላሴ እንደሚያዝ ከእናቴ ቀጥሎ አብልጠው የሚያውቁት ሰው፣ ድንገት ጠየቁኝ። ምላሴም እንደሚያውቁት ሆነ። ከሰዓት በኋላ የተጻፈው ቃለ ጉባኤ፣ “መምህርቷ ስትጠየቅ የምትመልሰው አጥታ ዝም በማለቷ ድርጊቱን ማመኗ ተረጋግጧል” ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ዝምታዬን ለመተርጎም ከእርስዎ የተሻለ ሊቅ ባይገኝም፣ ትርጉሙ ግን ትንሽ ስለተሳሳተ፣ በልጅነቴ ባስተማሩኝ መሠረት መልሴን በጽሑፍ አቀርባለሁ። ነገር በቁጥር ሲቀርብልዎ እንደሚወዱ ስለማውቅም ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሁለቱ ዝርዝሮች አመሰግናለሁ። በመንፈቁ መጀመሪያ ቢሮዎ ጠርተውኝ “ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው” እና “የትምህርት ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው” የሚሉ ሁለት ባዶ ቅጾች ሲሰጡኝ፣ ገምጋሚዎች እንደሚመጡ ስላልነገሩኝ፣ የድሮዋ መምህሬ ተመልሳ የመጣች መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ልጅ ሲያነብ፣ ሲቆጥር፣ ሲሰለችና ሲያኮርፍ ሳይቀር እየተከታተልኩ መዘገብኩ። ከሁሉ ያስቸገረችኝ በክፍላችን “መሐንዲሷ” የምንላት ልጅ ነበረች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ሲቆም ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየት አድርጋው ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚበቃው ትናገራለች፤ እናትየዋ “አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ስትሳሳት እይዛታለሁ” ብለው በሜትር መለካታቸውን አልተዉም፣ ነገር ግን እስካሁን አልያዟትም። ይህችው ልጅ አንድ አንቀጽ ለማንበብ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ አይበቃትም። ፊደል ምን እንደሚያደርጋት ስጠይቃት፣ “ቲቸር፣ ሌሎቹን ልጆች ቁጭ ብለው ይጠብቋቸዋል፤ እኔን ሲያዩ ግን ይነሣሉ” አለችኝ። ስለዚህ ስሟን በሁለቱም ቅጾች ላይ ጻፍኩት።

ቅጾቹ ሲመለሱ ስሟ ከሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ “ተደጋግሟል” የሚል ቃል አለ። ጸሐፊዎ፣ መቼም ሰው አክባሪ ናቸው፣ በትህትና ሲያስረዱኝ፣ “አንድ ልጅ ጎበዝም ደካማም መሆን አይችልም ብለዋል፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ስላልታወቀ ለጥንቃቄ ከሁለቱም አወጣናት” አሉኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ከትርፍ ቁጥር ጋር ተመሳስላ ስትጠፋ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለጥንቃቄው አመሰግናለሁ፤ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቃልዎ። “ተደጋግሟል” የሚለውን ይዤ ልጅቷን ራሷን ወደ ቢሮዎ ያመጣኋት ስህተት አለመሆኗን በዓይንዎ እንዲያዩ ነበር። ያስታውሱ እንደሆነ፣ ገና ሳይጠይቋት ወለሉን ስታይ ቆየችና፣ “ምንጣፍዎ በዚህ በኩል አንድ ክንድ ያጥራል፣ በዚያ በኩል ደግሞ ተርፎ ታጥፏል፤ ዞር ቢደረግ ልክ ይሆናል” አለችዎት። እንባዎ እስኪፈስ ሳቁ። “ይህችስ እኔንም ታስተምረኛለች” አሉ። ከዚያም እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ “ፈተናው ይነበብላት፤ መልሱን ራሷ ትሥራ። ቃሌ ነው” አሉኝ። ፈቃዱን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ስጠይቅዎ ደግሞ፣ “ልጄ፣ በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?” ብለው ወቀሱኝ። በወረቀት የዳንኩ ልጅ፣ የዚያን ቀን ወረቀት በመጠየቄ አፈርኩ።

በማግስቱ ምንጣፉ ዞሮ ልክ ሆኖ አይቼዋለሁ። በዚያው ሳምንት ፎቶግራፍ አንሺ መጥቶ ልጅቷን ማስመሪያ አስይዞ አነሣት፤ ምስሏም “ሁሉም ልጅ እንደየችሎታው” ከሚል ጽሑፍ ጋር በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቀለ። ከምክሯም ከፊቷም ተጠቅመዋል ማለት ነው። ሳይጠቀሙበት የቀሩት ቃልዎን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ለማክሰኞ ብቻ ቤታቸው “እንዲያርፉ” በስልክ ለተነገረላቸው ሦስት ተማሪዎቼም ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ አንደኛው ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ዕረፍቱን ማን እንደሰጠው አልሰማም፣ እናቱ ግን ሰምታለች።

አራተኛ፤ ለገምጋሚዎቹ በሰጡት ማብራሪያ ቶሎ ለሚጨርሱ ልጆች “የማበልጸጊያ መርሐ ግብር” እንዳለን ስሰማ፣ እዚሁ እየሠራሁ ሳላውቀው በመቅረቴ ተጸጸትኩ። ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ መርሐ ግብሩ ሥራውን በአሥር ደቂቃ የጨረሰ ልጅ በቀሪው ሠላሳ ደቂቃ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የረባሾችን ስም የሚጽፍበት ነው። በዚህ መልክ የበለጸጉ ልጆች ወደፊት ምን እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ግን አናጣም።

አምስተኛ፤ ስለ አዲሱ የሥራ ቦታዬ። ማክሰኞ ከሰዓት ከክፍሌ ተነሥቼ “ጉዳዩ እስኪጣራ” ከደረጃው ሥር ባለው የመጻሕፍት ማከማቻ እንድሠራ መመደቤ እንደ ቅጣት የታሰበ ከሆነ፣ ታስቦበት አልተሠራም ማለት ነው። ማከማቻው አንድ አምፖል፣ አንድ እግሩ የወለቀ ወንበርና ሽፋናቸው የተገነጠለ የሦስት ዓመት መጻሕፍት አሉት። ግን አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ በዚህ ትምህርት ቤት ደንብ መሠረት ታርመው ውጤታቸው የተመዘገበ የፈተና ወረቀቶች በካርቶን ታሽገው የሚቀመጡት እዚያው ነው። ትናንት ረቡዕ ጠዋት የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ካርቶን መጣ። ተረክቤ መደርደር ሥራዬ ስለሆነ ተረከብኩ፤ ደረደርኩም።

መሐንዲሷ እርስዎ ወረቀቱን መልሰው ዴስኳ ላይ ከጣሉላትና እኔን ይዘውኝ ከወጡ በኋላ ያደረገችውን በዓይኔ አላየሁም ነበር። ወረቀቱ ነገረኝ። አንብቤላት የነበሩት ሦስቱ ጥያቄዎች በሙሉ ትክክል ናቸው። አራተኛው ጥያቄ ላይ የመልስ መስመሩ ባዶ ነው፤ በላዩ ላይ “መልስ የለም” ተብሎ በቀይ ዜሮ ተሰጥቶታል። ገጹን ሲገለብጡት ግን፣ አራሚው ሳይገለብጡት ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው የማምነው፣ በእርሳስ የተሣሉ ስድስት በርሜሎች አሉ። በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ሁለት ቧንቧ አለ። የመጀመሪያው ቧንቧ ሥር ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ይላል። ሁለተኛው ቧንቧ ስንት እንደሚያወርድ የነገራት ስላልነበረ፣ ልጅቷ ሊሆን የሚችለውን ፈለገች። ሦስት ሊትር ከሆነ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይሞላል። ስድስት ከሆነ በአሥር። ስምንት ከሆነ በዘጠኝ። አሥራ ስምንት ከሆነ በስድስት፣ ሃያ አራት ከሆነ በአምስት፣ ሠላሳ ሦስት ከሆነ በአራት። በርሜሉን ያለ ሽርፍራፊ ደቂቃ የሚሞሉትን ለይታ ነው የመረጠችው። ሦስተኛው በርሜል የፈተናው ትክክለኛ መልስ ነው። ሌሎቹ አምስቱ ደግሞ ማንም ያልጠየቃት ናቸው። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ በቃላት የተጻፉ ነበሩ፤ እነሱ ላይ ምንም የለም። ፊደሎቹ ተነሥተውባት ይሆናል።

ከአሥር ሦስት። በዚህ ውጤት መሠረት ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ ሦስተኛ ክፍል እንድትወርድ ተወስኗል፤ የወላጆች ኮሚቴውም ነገ ዓርብ ያጸድቀዋል። እናትየዋን ጠርተው “ልጅሽ ገና አልበሰለችም” እንዳሏቸው ሰማሁ። እናትየዋ ለእርስዎ ክብር ሲሉ የዋጡትን መልስ ማከማቻው በር ላይ ቆመው ለእኔ ነገሩኝ፦ “እኛ ልብስ ሲጠብ ልብሱን እናሰፋለን እንጂ ሰውየውን አንቆርጥም።” ያልተማሩ ሴት ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ቃል ገምጋሚዎች ፊት እንዳይናገሩት ይጠንቀቁ፣ ማብራሪያዎን ያበላሹብዎታል።

ስድስተኛና የመጨረሻ፤ ስለ ትናንትናው ደግነትዎ። ረቡዕ ከሰዓት ቢሮዎ አስጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ በዚያ የልጅነቴን ጉሮሮ በሚፈታው ድምፅዎ፣ “ልጄ፣ አንድ ፊርማ ናት። ተሳስቼ ነበር በዪ፣ ሰኞ ክፍልሽ ትገቢያለሽ” አሉኝ። ወረቀቱም በቅድሚያ ተተይቦ ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ “ለተማሪዋ መልስ መንገሬን አምናለሁ” ይላል። ልጅቷስ ብዬ ጠየቅሁ፤ ያን አንድ ቃል ለመጠየቅ እንኳ ሦስት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ፣ እርስዎም እንደ ድሮው ሳያቋርጡ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ “እሷ ትንሽ ናት፤ ትረሳዋለች” አሉኝ።

ክብርት ሆይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከቦርሳዎ አውጥተው የሰጡኝ ደብተር ሽፋኑ አረንጓዴ ነበር፤ ጥጉ ላይ የሻይ ጠብታ አርፎበት ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት መልስ “ሃያ ሰባት” ነበር። ትንሽ ነበርኩ። አልረሳሁም። አንድ አስተማሪ ለልጅ ያደረገው መልካም ነገር ይህን ያህል ዓመት የሚቀመጥ ከሆነ፣ ያፈረሰው ነገር ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ስሌቱን ለእርስዎ እተዋለሁ። ገምጋሚዎቹ ቢጠይቁኝ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብታማ፣ ማከማቻ ውስጥ ዓመት ብከርም ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር። ባዕድ ቢያደርገው ደንብ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። እርስዎ ግን ከእናቴ በቀር ማንም የማያውቀውን ቁስሌን ያውቁ ነበር፣ እጅዎን የጫኑትም እዚያው ላይ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ ይኸው፦ አይደለም፤ መልስ አልነገርኩም። ጥያቄ ነበር የማነበው፤ ያነበብኩትም በእርስዎ ቃል ነው። ዝም ያልኩት ስለምዋሽ ሳይሆን፣ የጠየቁኝ እርስዎ ስለሆኑ ነው።

የልጅቷ ጥያቄ ግን የሚመለሰው በእኔ አይደለም። ያቋረጡት ዓረፍተ ነገር “ሁለተኛው ቧንቧ በደቂቃ ስምንት ሊትር ያወርዳል” የሚል ብቻ ነበር። ነገ ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ፣ ወደዚያው ክፍል ወርደው፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ዴስክ አጠገብ ተቀምጠው፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እስከ አሥረኛው ጥያቄ ድረስ በራስዎ አንደበት እንዲያነቡላት እጠይቃለሁ። ማንበብ ብቻ። ካነበቡላት በኋላ ያገኘችውን ውጤት፣ ሦስትም ይሁን አሥር፣ እኔም እናቷም እንቀበላለን።

ከእንግዲህ የማልቀበለውንም በግልጽ ላስቀምጥ። ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ አልፈርምም፤ ክፍሌን በዚያ ፊርማ አልገዛም። ዝምታዬ በሌላ ሰው እጅ እንዲጻፍ አልፈቅድም። ቅጹ ለአንዲት ልጅ ስለጠበበ ልጅቷ እንድትቆረጥ አልስማማም። “ልጄ” ተብዬ መጠራትንም፣ የምጠራበት ምክንያት እስኪመለስ ድረስ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

የአረንጓዴውን ደብተር ውለታ ሳልዘነጋ፣ ለሰጡኝ ሁሉና ለወሰዱብኝ ሁሉ በእኩል ትሕትና እጅ እየነሣሁ፣ ጤናና ረጅም የሥልጣን ዘመን ከሙሉ አክብሮት ጋር እመኝልዎታለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎ፣ የቀድሞ የአራተኛ ክፍል መምህርት፣ የአሁን የመጻሕፍት ማከማቻ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰሌዳ
ለሦስቱ ገምጋሚዎች (ከወረቀቱ የኋላ ገጽ ቅጂ ጋር)
ለልብስ ሰፊዋ (ልጃቸው እንድትሰማው፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብ)

ማስታወሻ፦ በበሩ ላይ የተሰቀለው የልጅቷ ፎቶ እንዲወርድ እናቷ በትሕትና ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛ ክፍል የወረደች ልጅ “እንደየችሎታው” ከሚል ጽሑፍ በላይ ፈገግ ብላ ስትታይ አላፊ አግዳሚው ግራ ይጋባል ብለው ፈርተዋል። መሰላል ያስቸግራል እንዳይሉ፣ ልጅቷ ዛሬ በዕረፍት ሰዓት የአንድ ሜትር ማስመሪያ በሩ አጠገብ አቁማ ጥላውን ለካች፤ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ሆነላት። ፎቶው የተለጠፈበት ሰሌዳ ጫፍ ጥላ ሁለት ሜትር ከአሥር ስለነበረ ሰሌዳው አራት ሜትር ከሃያ ላይ ነው ብላለች። የጥበቃው መሰላል ሦስት ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የሚወጣው ሰው ከላይኛው እርከን አንድ ዝቅ ብሎ እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል፤ እርስዎ ግን በጉልበትዎ ምክንያት ባይወጡ ይሻላል ብላ አሳስባለች። ለቃለ ጉባኤው እንዲመች አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ስታሰላ መልስ የነገራት ሰው አልነበረም።